የባቡር ጣቢያ መግቢያ በር ይነሳ ወይስ ይቆይ?

የመከራከሪያው ነጥብ፦ በአንዳንድ ከተሞች የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ካርድ ሲነካ የሚከፈት በር የላቸውም። ተሳፋሪው ቲኬቱን በኪሱ ይዞ ይገባል፤ የሚያሳየው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው። ይህን ያየ አንድ አባላችን በየአገራችንም በሩ ይነሳ ይላል። ትስማማላችሁ? (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተጓዡ፦
ቪየና ውስጥ ሰዉ ደረጃውን ወርዶ በቀጥታ ባቡሩ ላይ ይወጣል። የሚገፋው የለም፣ የሚያስቆመው የለም። እኔ ባደግሁበት ከተማ ግን መጀመሪያ ሰልፍ፣ ቀጥሎ ቲኬት ቆራጭ፣ ከዚያ ደግሞ ጠባብ በር አለ። ጥቂት አጭበርባሪዎችን ለመያዝ ስንል በየቀኑ የምናጉላላው የከፈለውን ሰው ነው። ቪየና ከ2012 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የዓመት ቲኬት በ365 ዩሮ ስትሸጥ ነበር፤ በቀን አንድ ዩሮ መሆኑ ነው። ዋጋው እንዲህ ከሆነ ሳይከፍል መሄድ ለማን ያዋጣል? በሩ ይነሳ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
ወንድሜ፣ አንተ ያየኸው ጣቢያውን ነው፤ ገንዘቡን አላየህም። ቪየና ውስጥ ቀጣሪዎች ለምድር ውስጥ ባቡሩ ሲባል በሠራተኞቻቸው ቁጥር ልክ ግብር ይከፍላሉ፤ ግብሩ ከ1970 ጀምሮ አለ። ፓሪስም ለትራንስፖርት የሚውል ግብር ከ1971 ጀምሮ ከቀጣሪዎች ትሰበስባለች። እንዲህ ባለ ከተማ ጥቂት ሰው ሳይከፍል ቢያመልጥ ባቡሩ አይቆምም። ነዳጁንም ደመወዙንም ከዕለት ቲኬት የሚሸፍን ድርጅት ግን በሩን ባነሳ በወሩ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትህም።

ተጓዡ፦
ታዲያ ግብሩንም አብረን እንውሰዳ!

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
ከማን? አብዛኛው ነዋሪ በደመወዝ ሳይሆን በራሱ ጥቃቅን ሥራ በሚተዳደርበት ከተማ ግብሩን የሚከፍለው ቀጣሪ የቱ ነው?

የቀድሞው ተቆጣጣሪ፦
ስለ መተማመን ስታወሩ ሳቄ ይመጣል። በር በሌለበት ጣቢያ በሩ እኔ ነበርሁ። እንደ ማንኛውም ሰው ለብሰን እንሳፈራለን፤ ባቡሩ ሲነሳ መታወቂያችንን እናወጣለን። ማሽን ሚኒስትሩንም የቀን ሠራተኛውንም እኩል ያስቆማል። ሰው ግን ይመርጣል፤ ልብስ ያያል፣ የቆዳ ቀለም ያያል፣ የሚከራከረውንና የማይከራከረውን ከሩቅ ይለያል። ከባልደረቦቼ መካከል ይህን የሚክድ ካለ ፊት ለፊት ይምጣ።

ቅጣቱንም አትርሱ። ጀርመን ውስጥ ያለ ቲኬት መሳፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 265ሀ የሚያስከስስ ወንጀል ነው፤ ፍርድ ቤት የጣለበትን መቀጮ መክፈል ያቃተው ሰው ይታሰራል። የበርሊን ጣቢያ በር የለውም፣ እስር ቤቱ ግን አለው። የቱ በር ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ የጣቢያውን እመርጣለሁ።

በውጭ አገር የሚኖር ተማሪ፦
እኔ ቲኬት ገዝቼ ተቀጥቻለሁ። ከመሳፈሬ በፊት በማሽኑ ማኅተም ማስመታት ነበረብኝ፤ ማንም አልነገረኝም። በር ቢኖር ኖሮ ገና ስገባ አይከፈትልኝም፣ እጠይቅ ነበር።

በተሽከርካሪ ወንበር የምትጓዝ አባል፦
እናንተ በበር ትከራከራላችሁ፣ እኔን ውጭ የሚያስቀረኝ ደረጃው ነው። ለንደን የምድር ውስጥ ባቡሯን የጀመረችው በ1863 ነው፤ ዛሬም ከጣቢያዎቿ በሚበዙት ደረጃ ሳይወጡና ሳይወርዱ ባቡሩ ጋር መድረስ አይቻልም። ሆኖም በሩም ቢሆን ቀላል አይደለም። ለእኔ የሚበቃው ሰፊው በር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ የተበላሸ ቀን ሠራተኛ እስኪመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ። ተጓዡን እደግፋለሁ፣ ምክንያቴ ግን የእሱ አይደለም።

የአውቶቡስ ሹፌር፦
ባቡርና አውቶቡስ አታደባልቁ። ባቡር ተሳፋሪው ወርዶ እስኪከፍል አይጠብቅም፣ ክፍያው ከላይ አልቋል። አውቶቡስ ላይ ግን ሁሉም በፊተኛው በር ገብቶ እኔ ዘንድ ከከፈለ በየፌርማታው ተገትሬ እቀራለሁ፤ ከኋላ ያለው አውቶቡስ ይደርስብኛል፣ ሁለታችንም ተከታትለን እንሄዳለን፣ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ምንም አያገኝም። ተሳፋሪው ሹፌሩን ይሰድባል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2012 በሁሉም አውቶቡሶቿ በየትኛውም በር መሳፈርን የፈቀደችው ለዚህ ነው። የብራዚሏ ኩሪቲባ ደግሞ በሩን አላነሳችም፣ አዛወረችው፤ ሰዉ በቱቦ ቅርጽ በተሠራው ፌርማታ መግቢያ ላይ ከፍሎ ይገባል፣ አውቶቡሱ ሲመጣ በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ። ከሁሉም ያማረኝ ይህ ነው፤ ተቆጣጣሪም አያበዛም።

ሌላ አባል፦
ከውጭ የምናመጣው ምሳሌ ሁልጊዜ የሚሠራበትን ከተማ እንጂ የተወውን አይደለም። የካናዳዋ ቫንኩቨር የከተማ ባቡር፣ ስካይትሬን፣ ከ1985 ጀምሮ ያለ በር ከሠራ በኋላ በካርድ የሚከፈቱ በሮች አስገጥሞ በ2016 ዘግቷቸዋል። የካናዳ ሰው ከቪየና ሰው ያነሰ ታማኝ ሆኖ ነው?

ተጓዡ፦
አይደለም፤ ግን ቫንኩቨር ከዘጋች ቪየና አልዘጋችም፣ በርሊንም አልዘጋችም። በአውቶቡሱ ነገር ከሹፌሩ ጋር ነኝ፦ ከፌርማታው እንጀምር። በባቡሩ ግን አሳቤን አልቀየርሁም።

የቀድሞው ተቆጣጣሪ፦
እንግዲያውስ በሩ ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር ይጻፍልኝ፤ ቲኬት ያልያዘ ሰው ክፍያ ይጨመርበት እንጂ በወንጀል አይከሰስ። ይህን የሚቀበል ካለ እኔም ድምፄን ለተጓዡ እሰጣለሁ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
የሚጨመርበትን ክፍያ የሚከፍልበት ከሌለውስ?