ለያማሃ ቲኤክስ81ዜድ የሚሆን የኮምፒውተር ኤዲተር የትኛው ነው?

ባለሞጁሉ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለያማሃ ቲኤክስ81ዜድ ሞጁል (የራሱ ኪቦርድ የሌለው ድምፅ አመንጪ ሣጥን) የሚሆን ኤዲተር፣ ማለትም ድምፁን በኮምፒውተር የማስተካክልበት ፕሮግራም እየፈለግሁ ነው። አራቱን ኦፕሬተሮች (ድምፁን የሚገነቡትን ሞገድ አመንጪዎች) በአንድ መስኮት እያየሁ ኤንቨሎፑን (ድምፁ በጊዜ ውስጥ የሚጎላበትንና የሚቀንስበትን ሁኔታ) በማውስ ማስተካከልና የሠራሁትን ድምፅ በፋይል ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ለዲኤክስ21፣ ለሌላው የያማሃ መሣሪያ፣ የተሠራ አሮጌ ፕሮግራም ሞክሬአለሁ። ድምፁን ከሞጁሉ በትክክል የሚቀበል ይመስላል፤ መልሶ ሲልከው ግን ድምፁ ይሳሳል፣ ድምቀቱም ይጠፋል። ሌላው ችግር፣ የ32ቱን ድምፆች ፋይል በአንድ ላይ ስልከው ሞጁሉ አይቀበልም። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ነው፤ የማገናኘው በቀጭኑ የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ነው (ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው)። በነጻ የሚገኝም ሆነ የሚከፈልበት፣ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

አራት_ኦፕሬተር፦

ወንድም ባለሞጁል፣ መጀመሪያ ኤዲሲንን ሞክር። በነጻ የሚገኝ፣ ኮዱም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የተጻፈው በጃቫ ስለሆነ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ሲከፈት የመሣሪያ ዝርዝር ያመጣልሃል፤ ከዚያ ውስጥ የያማሃን ባለ 4 ኦፕሬተር ኤፍኤም (አንዱ ሞገድ ሌላውን እየለወጠ ድምፅ የሚሠራበት ዘዴ) ቤተሰብ ምረጥ። ዲኤክስ21፣ ዲኤክስ27፣ ዲኤክስ100፣ ቲኤክስ81ዜድና ዲኤክስ11 አንድ መስኮት ይጋራሉ። ስለዚህ የመሣሪያው ዓይነት ቲኤክስ81ዜድ መሆኑን መስኮቱ ላይ አረጋግጥ። ይህን መዝለል ልክ አሁን የገጠመህን ችግር ያመጣል።

የሚከፈልበት ከሆነ ሚዲ ክዌስት አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ስለሚያውቅ ብዙ ሞጁል ላለው ሰው ያዋጣል። ለአንድ ሞጁል ብቻ ግን አልመክረውም። ኮንትሮለር የሚባለው ፕሮግራምም ተጠቃሚዎች የሠሩአቸው ፓነሎች አሉት፤ የፓነሎቹ ጥራት ግን እንደ ሠሪው ይለያያል።

አሁን ድምፁ ለምን እንደሚሳሳ ልንገርህ። ዲኤክስ21 የሚያውቀው አንድ ሞገድ ብቻ ነው፤ ሳይን። በ1987 የወጣው ቲኤክስ81ዜድ ግን ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር 8 ሞገድ ይሰጣል። ያማሃ የድሮውን አቀማመጥ ላለማፍረስ ሲል የአንዱን ድምፅ መረጃ ለሁለት ከፍሎታል። ቪሲኢዲ የሚባለው ባለ 93 ባይት ክፍል ከዲኤክስ21 ጋር የሚጋሩት ነው፤ አልጎሪዝም (የኦፕሬተሮቹ አያያዝ)፣ ኤንቨሎፕ፣ የድምፅ መጠን፣ ስም የመሳሰሉት እዚያ ናቸው። ኤሲኢዲ የሚባለው ባለ 23 ባይት ክፍል ደግሞ አዲሱን ሁሉ ይይዛል፤ የሞገዱን ዓይነት፣ ቋሚ ፍሪኩዌንሲን፣ የፍሪኩዌንሲውን ጥቃቅን ማስተካከያ፣ የኤንቨሎፕ ሽፍትን። አሮጌው ፕሮግራምህ ሁለተኛውን ክፍል ጨርሶ አያውቀውም። ድምፁ ሲመለስ ሞገዶቹ አብረው አይመለሱም ማለት ነው።

የትኛውንም ኤዲተር ከማመንህ በፊት እንዲህ ፈትነው። ሞጁሉ ላይ የኦፕሬተር 4ን ሞገድ ወደ 6 ቀይርና ድምፁን በኤዲተሩ ተቀበል። ሞጁሉን ወደ ሌላ ድምፅ አዙረው፤ ከዚያ ከኤዲተሩ መልሰህ ላክ። ሞጁሉ ስክሪን ላይ ሞገዱ 6 ሆኖ ከተመለሰ ኤዲተሩ ሁለቱንም ክፍል ያስተናግዳል። ካልተመለሰ የመስኮቱ ማማር አያታልልህ፤ ተወው።

ቀጭን_ሽቦ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው ችግር ልሂድ፤ እሱ የኤዲተር ጉዳይ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ሞጁሉ ላይ ዩቲሊቲ የሚለውን ቁልፍ ተጫንና የሜሞሪ መከላከያውን አጥፋ። መከላከያው እንደበራ ከሆነ ሞጁሉ 32ቱን ድምፆች በጅምላ አይቀበልም፤ አንድ ድምፅ ብቻ ስትልክ ግን ይቀበላል፤ የሚሄደው ወደ ጊዜያዊው የማስተካከያ ቦታ ነውና። ብዙ ሰው አንዱ ሠርቶ ጅምላው እምቢ ሲል ፕሮግራሙን የሚወቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያው ዩቲሊቲ ውስጥ የሲስኤክስ መልእክት (ለአንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ የሚላክ የሚዲ መረጃ) መቀበል መፈቀዱንም አረጋግጥ። መቀበያ ቻናሉን ደግሞ ኤዲተሩ ላይ ካለው ጋር አመሳስል። በመልእክቱ ውስጥ ቻናል የሚቆጠረው ከ0 ስለሆነ ሞጁሉ ላይ 1 የሚለው በባይት ሲታይ 0 ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም 0 እያለ ቢያሳይህ አትደናገር።

ገመዱን በተመለከተ፦ የሞጁሉ አውት ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያ፣ የኮምፒውተሩ መውጫ ወደ ሞጁሉ ኢን ነው። ትሩ የሚለው መሰኪያ የገባውን ብቻ መልሶ ያሳልፋል፤ የሞጁሉ የራሱ መረጃ በዚያ አይወጣም። በቀጫጭኖቹ የዩኤስቢ ገመዶች ላይ የተጻፈው ኢን ደግሞ አንዳንዱ ላይ «የመሣሪያው ኢን ላይ ሰካኝ» ማለት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ተቃራኒው። መልስ ካላገኘህ አቀያይረህ ሞክር፤ ጉዳት የለውም።

ቀጥሎ ገመዱን ራሱን መርምረው። ዊንዶውስ ላይ ሚዲ-ኦክስን፣ ማክ ላይ ሲስኤክስ ላይብሬሪያንን ተጠቀም፤ ሁለቱም የሲስኤክስ መልእክት የሚልኩና የሚቀበሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ሞጁሉ ቻናል 1 ላይ ከሆነ ይህን ጥያቄ ላክ (በአስርዮሽ ነው፤ ፕሮግራሙ በ16 ቤት (ሄክሳዴሲማል) የሚጽፍ ከሆነ ቀይረው)፦ 240 67 32 4 247። ሞጁሉ 32ቱን ድምፆች በአንድ መልእክት ይመልስልሃል። የመጣው ርዝመት በትክክል 4104 ባይት መሆን አለበት፤ 32 ጊዜ 128 ባይት 4096 ነው፣ የተቀሩት 8 የመልእክቱ መጀመሪያ፣ የቼክሰም (መረጃው ሳይጎድል መድረሱ የሚፈተሽበት ቁጥር) እና የማብቂያ ባይቶች ናቸው። አንድ ባይት እንኳ ከጎደለ ገመዱ ረጅም መልእክት መሸከም አልቻለም።

ባለሞጁሉ፦

በጣም አመሰግናለሁ። መከላከያው በርቶ ነበር፤ አጠፋሁት። ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ልኬ ሦስቱንም ጊዜ 4104 መጣ። ፋይሉን መልሼ ስልከው ግን አሁንም ሞጁሉ ስህተት ይላል። መቀበል ከቻለ መላክ እንዴት ያቅተዋል?

ቀጭን_ሽቦ፦

መቀበሉና መላኩ አንድ አይደለም። ሞጁሉ ሲልክ ፍጥነቱን የሚወስነው ራሱ ነው፤ ሚዲ በሰከንድ ከ3125 ባይት በላይ አያሳልፍም፣ 4104 ባይት 1.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ ሲልክ ግን በዩኤስቢው በኩል ከዚያ እጅግ በፈጠነ አኳኋን ያፈስሰዋል። ጥሩ ኢንተርፌስ (ኮምፒውተሩንና ሞጁሉን የሚያገናኝ ዕቃ) ኮምፒውተሩን ቆይ እያለ ያስጠብቀዋል። ርካሹ ገመድ ትንሿ ማጠራቀሚያው ስትሞላ የተረፈውን ይጥለዋል። ከመሀል ባይት ሲጎድል ቼክሰሙ አይገጥምም፤ ሞጁሉም ሙሉውን መልእክት ይጥለዋል።

ሚዲ-ኦክስ የሲስኤክስ መስኮት ውስጥ የመላኪያ ማጠራቀሚያ መጠንና በመካከል የሚቆይበትን ጊዜ መወሰን ትችላለህ። 256 ባይትና 60 ሚሊሰከንድ አድርገህ ጀምር። ፋይሉ 17 ቁራጭ ይሆንና ከ2 ሰከንድ ትንሽ አልፎ ይጨርሳል። አሁንም እምቢ ካለ 128 እና 100 አድርገው። በመልእክቶች መካከል ብቻ የሚያቆም ፕሮግራም ግን እዚህ አይጠቅምህም፤ 32ቱም ድምፆች ያሉት አንድ መልእክት ውስጥ ነውና። ይህም ካልሠራ ገመዱን በእውነተኛ ኢንተርፌስ መተካት ነው፤ የሶፍትዌር መፍትሔ አታሳድድ።

ሞገድ_ሰብሳቢ፦

ኤዲሲን ከጀመርክ በኋላ የሚያስፈልጉህን ልጨምር። ኤዲተሩ ሲከፈት የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራምህን ዝጋው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ የሚዲ ድራይቨሮች ፖርቱን ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሚሰጡ ቀድሞ የያዘው ሌላውን ያስቀረዋል። ማክ ላይ ይህ ችግር የለም፤ ሆኖም መቅጃው የገባውን ሚዲ መልሶ እንዳይልክ አድርገው፣ አለዚያ የሞጁሉ መልስ ዞሮ ሞጁሉ ላይ ይወድቃል።

ሞጁሉን ከፐርፎርማንስ (ብዙ ድምፆችን በአንድ ላይ ከሚያቀናጀው ሁኔታ) አውጥተህ በነጠላ ድምፅ ላይ አድርገው፤ የምታስተካክለው የትኛውን ድምፅ እንደሆነ ግልጽ የሚሆነው ያኔ ነው። አንድ ቁልፍ ስታንቀሳቅስ የሚሄደው 7 ባይት ብቻ ነው፣ ከ3 ሚሊሰከንድ በታች፤ ቀጭኑ ገመድ ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። ሙሉ ድምፅ ሲላክ ግን ሁለት መልእክት ነው፤ ኤሲኢዲው 41 ባይት፣ ቪሲኢዲው 101 ባይት። ሞጁሉ ራሱ ሲልክ ኤሲኢዲው ይቀድማል፤ በእጅህ ፋይል የምታቀናጅ ከሆነ ይህንኑ ቅደም ተከተል ጠብቅ።

ወደ ሞጁሉ የተላከው ነጠላ ድምፅ ጊዜያዊው ቦታ ላይ ነው ያለው። ሌላ ድምፅ ስትመርጥ ይጠፋል። ስለዚህ ስቶር የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ከ32ቱ የተጠቃሚ ቦታዎች በአንዱ አስቀምጠው፤ ቀሪዎቹ 128 ድምፆች የፋብሪካ ናቸው፣ አይጻፍባቸውም።

አዲስ ድምፅ ከመጫንህ በፊት ያንን 4104 ባይት ፋይል ስምና ቀን ሰጥተህ ሌላ ቦታም ቅዳው። የተጠቃሚ ሜሞሪው የሚቆየው በውስጥ ባትሪ ስለሆነ ባትሪው ሲደክም ሁሉም ይሄዳል። ደግሞ ልብ በል፦ 24ቱ ፐርፎርማንሶች በዚያ ፋይል ውስጥ የሉም፤ ለብቻቸው መቀበል አለባቸው።

ባለሞጁሉ፦

256 እና 60 አልሠራም፤ 128 እና 100 ላይ 32ቱም ገቡ። ኤዲሲንም በኦፕሬተር 4 ፈተና ሞገድ 6ን በትክክል መለሰ። አሁን ፐርፎርማንሶቹን እየተቀበልኩ ነው።