ጅቡ ራሱን ሲያወልቅ ሕፃናቱ አለቀሱ፤ ምን ላድርግ?

የደሴዋ መምህርት
ደሴ ውስጥ ዐፀደ ሕፃናት አስተምራለሁ። ለዓመቱ መዝጊያ የአህያና የጅብ ትርኢት አዘጋጅተን ነበር። የጅቡን ራስ ከአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ቀርጬ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ጥርሱን ከነጭ ጀሪካን ቆርጬ ሠራሁት፤ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ውስጡ የገባው የጥበቃችን ልጅ ነው። መሀል ላይ ሙቀቱን አልቻለውምና ራሱን ብድግ አድርጎ አወለቀው፤ መድረክ ላይ፣ ከሕፃናቱ ሁሉ ፊት! በጅብ ገላ ላይ ላብ ያጠመቀው የጎረምሳ ፊት ብቅ ሲል አስቡት። ጅቡን ያልፈሩት ሁሉ ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔ ደግሞ የደሴን ብርድ ተማምኜ ነበር። ድምፁም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ አንድ ቃል አይሰማም። በመስከረም ልንደግመው ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቀድሞ ጥንቸል፣ ከኮምቦልቻ
አብሽሪ እኅቴ። በልጆች መጫወቻ ቦታ ጥንቸል ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት! በልጁ አትፍረጂ። ከመድረክ የሚወጣበትን ምክንያት ታሪኩ ውስጥ አስገቢለት፦ ጅቡ አህያዋን ፍለጋ ይሂድ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ራሱን አውልቆ ውሃ ይጠጣ። ደግሞ የሚያየው በጅቡ አፍ በኩል ከሆነ እግሩ ሥር ያለ ሕፃን አይታየውም። እጁን የሚይዝ ሰው አይለየው።

የሐይቅ ልጅ፣ ከአሜሪካ
ልጆቼን ፊላደልፊያ አቅራቢያ ላንግሆርን ወዳለው ሰሰሚ ፕሌስ እወስዳቸዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ፣ ሰሰሚ ስትሪት በሚባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስም የተሠራ መዝናኛ ነው። በመድረኩ ትርኢት ኤልሞን፣ የፕሮግራሙን ቀይ አሻንጉሊት፣ የለበሰው ሰው ትንፍሽ አይልም። ድምፁ ቀድሞ የተቀዳ ነው፤ ለባሹ በእጁና በትከሻው ያጅበዋል። በቴሌቪዥኑ ቢግ በርድ፣ ትልቁ ቢጫ ወፍ፣ ግን ሌላ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው ቀኝ ክንዱን ሽቅብ ዘርግቶ የወፉን ራስ እያንቀሳቀሰ ራሱ ይናገራል። ያ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። አንቺ በስልክሽ ቅጂና በድምፅ ማጉያ ልቀቂው።

አያት ነኝ
ልጄ፣ ለአራት ዓመት ሕፃን ጅብ ምን ያደርጋል? በቴሌቪዥን የምናውቃት ቀጭኔዋ ፀሐይ የካልሲ አሻንጉሊት ናት፤ የልጅ ልጆቼ ሲወዷት እንጂ ሲፈሯት አላየሁም።

የደሴዋ መምህርት
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጅቡን እንኳ አልተወውም፤ ሦስት ሌሊት ተቀምጬበታለሁ። አህያዋን ግን ከካልሲ እሠራታለሁ። ለጅቡ ድምፅ ያሰብኩት የልጁን አባት፣ ጥበቃችንን ነው፤ ጎርናና ናቸው። ዛሬ ማታ በር ላይ አገኛቸዋለሁ።