ውርጭ ላይ አሮጌ ትራክተር፦ የቱን ልግዛ? የት ላሠራ?

ኅዳር ከገባ ስልኬ የሚጮኸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሚደውለው ሰው ውርጭ ላይ ቆሟል። ጥርሱ ሲገጭ ይሰማኛል። "አልነሳ አለኝ፣ ፖምፓውን አዲስ አበባ ልኬ ላሠራው?" ይለኛል። ፖምፓ የሚለው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፓምፕ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ይህንኑ ጠየቀኝ፤ ሁለቱ ከእነዋሪ፣ አንዱ ከመሐል ሜዳ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሴ አጭር ነው፦ ፖምፓውን ተዉት። ትናንት ከሰዓት ፀሐይ ላይ በአንድ ቁልፍ የተነሳ ትራክተር ዛሬ ጠዋት እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የፖምፓ የመሆኑ ነገር ያጠራጥራል። ብራችሁን መጀመሪያ ባትሪው፣ ሽቦውና ማሞቂያው ላይ አውሉት። አዲስ ማሞቂያ ከመግዛት በቀር ለሦስቱም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አንዲት ማሲ ፈርጉሰን 135 አለችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ይህ ሞዴል ከ1964 እስከ 1975 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የተመረተው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ጭድና ስንዴ አመላልስባታለሁ፣ ለበልግ ገብስ ደግሞ ጥር ላይ አርስባታለሁ። አጎቴ እነዋሪ ላይ ቤላሩስ የሚባለው ትራክተር አለው። የምጽፈው ከሁለቱ ያየሁትን ነው።

የእኛ ብርድ በቴርሞሜትር ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ ቢወርድ በጥቂት ዲግሪ ነው። ጉዱ ከፍታው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ታልፋለች። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ (የእሳት ብልጭታ ሰጪ) የለውም። አየሩን አምቆ አምቆ ሲያግለው ነው ናፍጣው የሚቀጣጠለው። እዚህ ግን ፒስተኑ የሚያገኘው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያገኘው 7 አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ብረቱ ቀዝቅዟል፣ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አርጅቷል። እንዲህ ያለ ሞተር ፈጠን ብሎ ካልዞረ አይነሳም። የሚያዞረው ደግሞ ባትሪ ነው።

ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ ከአቅሙ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ዘይቱ በዚያው ሰዓት እንደ ማር ይወፍራል። ለ135 የ12 ቮልት፣ ከ90 እስከ 110 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ያዙ። ብዙ ሰው ርካሽ ነው ብሎ የቤት መኪና ባትሪ ያስራል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንዱ ነጋዴ "አዲስ ነው" ብሎ የሸጠልኝ ላዩ ተወልውሎ ተለጣፊ የተለጠፈበት አሮጌ ባትሪ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፦ ትራክተሯን ይዤ እሄዳለሁ፣ ባትሪውን አስሬ፣ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያዞረውን ማስነሻ) አምስት ስድስት ጊዜ አስነስቼ ነው የምከፍለው። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ። ዝግ ከሆነውና ክዳን ካለው የቱ ይሻላል ላላችሁኝ፣ ለአሮጌ ትራክተር ክዳን ያለውን እመርጣለሁ። የባትሪ ውሃው ሲጎድል ታያላችሁ፣ ትጨምራላችሁ። ዝጉ ጣጣ የለውም፣ ግን ሲሞት ሳይናገር ነው የሚሞተው።

ባትሪው ደህና ሆኖም ሞተሪኖው "እእእ" ካለ ማሳውን እዩ። ማሳ ስል እርሻውን አይደለም፤ ከባትሪው ወደ ትራክተሩ አካል የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ነው። የእኔ ገመድ የታሰረበት ቡሎን ሥር ቀለም፣ ጭቃና ዝገት ተደራርቦ ነበር። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ብረቱ ፍም መስሎ እስኪያበራ። ሞርሴቶዎቹን (የባትሪውን ገመድ ማሰሪያዎች) በሙቅ ውሃ አጥቤ ግሪስ ቀባሁ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሲዞር ድምፁ ሌላ ነበር። ወጪው አንድ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ገመዱ ራሱ ቀጭን ከሆነ ግን ቀይሩት፤ እንደ አውራ ጣት የወፈረ የመዳብ ገመድ ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪሺያኖች ዘንድ ተቆርጦ ይሠራላችኋል። ለሞተሪኖ ካርቦንና ቡሽ ለማስቀየርም እዚያው በቂ ነው። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ ሰው የሚያደርገው ለልቡ ማረፊያ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ማሞቂያው። ማሲ ላይም፣ ሌሎች የፐርኪንስ ሞተር ያላቸው ትራክተሮች ላይም፣ አየር የሚገባበት ማኒፎልድ ላይ ጣት የምታክል ማሞቂያ ተሰክታለች። ከላይዋ ትንሽዬ የናፍጣ ማጠራቀሚያ አለች። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው አዙራችሁ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ስትይዙት ጥምጥሙ ሽቦ ይግላል፣ ናፍጣ ጠብ ይላል፣ እዚያው ነበልባል ይሆናል፤ ሞተሩ የሞቀ አየር ይስባል። እኛ አገር ካሉት አሮጌ ማሲዎች የስንቱ እንደሚሠራ እንጃ፤ እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ሽቦው የተቆረጠ ነው። ባለቤቱም ለምን እንዳለች አያውቅም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ማታ ጨለም ሲል የአየር ፊልትሮውን ቱቦ ከማኒፎልዱ አውልቁ። አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝ፣ እናንተ ራቅ ብላችሁ ወደ ውስጥ እዩ። መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ፣ ከዚያ ደማቅ፣ ከዚያ ቦግ። ቀይ ሆኖ ቦግ ካላለ ናፍጣ አልደረሰውም፤ ማጠራቀሚያዋ ደርቃለች ወይም ቧንቧው አየር ይዟል። ጭራሽ ካልቀላ ተቃጥሏል ወይም መብራት አልደረሰውም። አዲሷ አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ሱቆቹ ባሉበት ሶማሌ ተራ ትገኛለች፤ አሮጌዋን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥርሷ ከተለያየ አትገባም።

ማሞቂያው በማይሠራበት ዘመን እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሞተር ለማስነሳት የሚነፋውን የኤተር ስፕሬይ እጠቀም ነበር። ዓምና አንድ ጋራዥ ወስጄ ልጁ ማሞቂያው ገና ግሎ ሳለ ስፕሬዩን ወደ ማኒፎልዱ ለቀቀው። ድም! አለ። የአየር ቱቦው በረረ፣ የልጁ ቅንድብ ተለበለበ። ሞተሩ ሲከፈት የአንዱ ፒስተን ፋሻ ተሰብሮ ተገኘ። ጋራዡ "ድሮም የተሰበረ ነው" አለኝና ሒሳቡን እኔው ከፈልኩ። ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ኤተር አትንፉ፣ አለቀ።

አሁን ወደ "የቱን ልግዛ?"

ለአንድ ሰው እርሻና ለተጎታች ሥራ ማሲ 135ን የሚያህል የለም እላለሁ። ወደ 45 የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉን ቀንሱለት። የምመርጠው በመለዋወጫው ነው። ማሲ በፈቃድ ሕንድም፣ ፓኪስታንም፣ ቱርክም ሲመረት ስለኖረ ዕቃው አልጠፋም። ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ)፣ የውሃ ፓምፕ በቀላሉ ይገኛል። በእኔ ልምድ ጎማ ነክ ዕቃ ላይ ርካሹን መግዛት ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። ብረት ነክ ላይ ያን ያህል አትጨነቁ።

ቤላሩስ ሌላ ፍጥረት ነው። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ላይ በሶቪየቶች ድጋፍ ይገጣጠም ስለነበር የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። በእነዋሪ ዙሪያ ላለው ለጅሩ መረሬ (ከባድ ጥቁር) አፈር ጉልበቱ ይመጥናል፤ አጎቴ በማሲዬ ይስቅባታል፣ "ይቺን ጓሮ ቆፍርባት" ይለኛል። ኤምቲዜድ 50 የሚባለው የድሮው ቤላሩስ አንዳንዱ ላይ ያለው ጉድ ደግሞ ለብርድ የተፈጠረ ነው። ጎኑ ላይ ፒዲ 10 የምትባል ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለችው። ገመድ ጠምጥማችሁ ስትጎትቷት እሷ ትነሳለች፤ እሷ ትልቁን ታዞራለች። ውሃቸው የጋራ ስለሆነ እያዞረች ታሞቀዋለች። ባትሪ ቢሞትም ግድ የለም። ጣጣው ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ መያዝ ማስፈለጉ፣ ጠንካራ ክንድም መጠየቁ ነው። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት! ሞተሯ ወደ ኋላ ከመታች ጣት ይዛ ትሄዳለች።

ፊያት 480ን የምወዳት ለአነዳዷ ነው፤ ዕቃዋን ለማግኘት ግን ሶማሌ ተራ ሰው ማወቅ ይጠይቃል። ዶይዝ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የሚበርድ ውሃ የለውም። ደህናው ከተገኘ ለመንዝ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን በሽያጭ ላይ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የተሰነጠቀ። ለመግዛት አርሲና ባሌ ድረስ መሄድ ያዋጣል፤ አሮጌው የሚበዛው እዚያ ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ግን ሻይ ጠጡ፣ እስኪቀዘቅዝ ቆዩ። የሞቀ ሞተር ሁሉ ጎበዝ ነው።

ለሥራው የት እንሂድ? ለኤሌክትሪክ፣ ለራዲያተርና ለጎሚስታ ደብረ ብርሃን። ለሚበየድና ለሚቆረጥ ነገርም ቶርኖ ቤቶቹ ጎበዞች ናቸው፤ የተጎታቼን ፒን የሠሩልኝ ከገዛሁት ይበልጣል። ፖምፓና ኢንጀክተር ግን፣ በእውነት ተበላሽቶ ከሆነ፣ መሞከሪያ ማሽን ያለው አዲስ አበባ ቤት ብቻ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፈትታችሁ በሚኒባስ ትወስዱታላችሁ፤ ትራክተሩን አትጎትቱ። በማሽን ሳይለካ "በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ" ለሚላችሁ ፖምፓችሁን አትስጡ። ከመፍታታችሁ በፊት ግን አየሩን አውጡ። ፊልትሮው ላይ ያለውን ቡሎን ላላ አድርጋችሁ የእጅ ፓምፑን ምቱ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ። ግማሹ "የፖምፓ ችግር" እዚያ ያልቃል።

ዘይት ላይ አጭር ልሁን። 40 ቁጥሩን ለቆላ ተዉት፣ 15 ደብሊው 40 ግዙ፣ የታሸገውን፣ ከማደያ። ናፍጣ ማታ ሞልታችሁ እደሩ፤ ባዶ ታንከር ውስጥ ሌሊቱን ጤዛ ይጠራቀማል። ላምባ ቀላቅሉ የሚላችሁን አትስሙ፤ ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው፣ ላምባ ያሳሳዋል።

ውሃው ላይ የጋሼ መካኒኬና የእኔ ክርክር አለ። እሱ የድሮ ሰው ነው። "አንተ ልጅ፣ ማታ አፍስስ፣ ጠዋት ሙቅ ጨምር" ይላል። ይሠራል፣ ሞተሩም ሲሞቅ ቶሎ ይነሳል። ግን የብሎኩ ጎን ያለው ማፍሰሻ በዝገት ስለሚደፈን በሽቦ ካልወጋችሁት ግማሹ ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ በየቀኑ አዲስ ውሃ ደግሞ አዲስ ዝገት ነው። እኔ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ እተወዋለሁ። ሌላም ጥቅም አለው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ኩላንቱና ደህና የራዲያተር ክዳን ከፍ ያደርጉታል። ክዳኑ ጎማው የሞተ ከሆነ ታርማበርን ስትወጡ ትፈላላችሁ።

ሌሊቱን ኮፈኑ ላይ የመንዝ ዝተት አለብሳታለሁ። ሰው ይስቃል። አሮጌ ነው፣ አንድ ጎኑ አይጥ የበላው፤ ግን ማታ ሥራ አቁሜ ወዲያው ካለበስኳት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እጄን ሳስገባ ብሎኩ ገና ለብ ያለ ነው። ከማስነሳታችሁ በፊት ማንሳቱን አትርሱ፣ የአየር ማራገቢያው ከያዘው ዝተትም ማራገቢያም የላችሁም። ሥሯ ኩበት የሚያነዱም አሉ። ዘይትና ናፍጣ የጠጣ ብረት ሥር እሳት! ጎረቤቴ የኋላ ጎማውን ያጣው እንዲህ ነው። የደብረ ብርሃን አረቄም ሾፌሩን እንጂ ሞተሩን አያሞቅም፤ ሾፌሩንም ባያሞቀው ይሻላል።

ከተነሳ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት ይሥራ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። ነጭ ጭስ ሲሞቅ ይጠፋል። አስፋልት ላይ ስትወጡ ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች በማያያዣው እሰሩ፤ በውርጭ አንዱን ጎማ ብቻ መያዝ ትራክተሩን ያሽከረክራል። ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ (ማርሽ አውጥቶ መንዳት) አይታሰብም፣ በተለይ ጉም ባለበት ሰዓት። ወደ ደብረ ሲና የሚወርዱ ሾፌሮች ናፍጣ ቆጠብን ብለው ሲያደርጉት አያለሁ፣ እግዜር ይጠብቃቸው።

መሐል ሜዳ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ አንተ ዛሬ ማሳውን ፈትተህ ፈግፍገውና ደውልልኝ፤ ግን እባክህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ። እዚያው አካባቢ የራዲያተር ማር ወለላውን በደንብ የሚበይድ ሰው የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙኝ። የአጎቴ ቤላሩስ እያንጠባጠበ ነው፣ እሱ ደግሞ በሳሙና ደፍኖት ቁጭ ብሏል።