በ48 ዓመቴ ጨጓራዬን ላስቆርጥ ወይስ ይቅርብኝ?

የቅዳሜ ገበያዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። 48 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ነው የምኖረው፣ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ። ስኳር አለብኝ፣ ሜትፎርሚን እውጣለሁ። አሁን ደግሞ ግፊት ተጨመረ። የጉልበቴን ነገር አታንሱት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ ደርሼ እመለስ የነበርኩ ሴት ዛሬ ከሰፈር ወደ ሱቅ እንኳ ያለ ባጃጅ አልሄድም። ማታ ማታ አንኮራፋለሁ፣ ባለቤቴ ትንፋሽሽ ቁርጥ ይላል እያለ ይቀሰቅሰኛል።

ወንድሜ አሜሪካ ነው። ባለፈው ደውሎ "ቱርክ ሄደሽ ስሊቭ የሚሉትን የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተሠሪ፣ ወጪው በኔ" አለኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ "እግዜር የሰጠሽን ሆድ በቢላ?" ብላ አማተበች። ባለቤቴ አንቺ ካልሽ ብሎ ዝም። ልቤ ሁለት ሆኗል።

ያልሞከርኩት የለም። እንጀራ ትቻለሁ፣ ማታ በሶ ብቻ ጠጥቼ አድሬያለሁ፣ ሰው ያለኝን ሁሉ ቀቅዬ ጠጥቻለሁ። በዐቢይ ጾም ትንሽ እቀንስና ለፋሲካ ዶሮው መልሶ ይሰጠኛል።

እና የምጠይቃችሁ፦ በዚህ ዕድሜ ይሠራል ወይ? ከዚያ በኋላ እንጀራ ይበላል? ጾሙስ እንዴት ይሆናል? ፌስቡክ ላይ በፊትና በኋላ እያሉ የሚለጥፉትን ፎቶ ጠግቤዋለሁ። ተሠርቶ እዚህ አገር የሚኖር ሰው ካለ ኑሮውን ይንገረኝ።

አንገረብ

እህቴ፣ ሆድ ካገር ይሰፋል ያሉት ወደው አይደለም። ቢቆርጡትም ይሰፋል። የምግብ ነገር የአእምሮ ነው እንጂ የጨጓራ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ወደ ጎሃ ዳገቱን ውጪ፣ ስኳርና ዳቦ አቁሚ፣ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ አትብዪ። አያቶቻችን በምን ኦፕራሲዮን ነበር ቀጥ ያሉት? ፈረንጅ የሚሸጠው ሲያጣ ጨጓራ መቁረጥ ጀመረ እኮ።

ነርሷ

አንገረብ፣ ባይከፋህ ጉልበቱ የተበላ 118 ኪሎ ሰው የጎሃን ዳገት ውጣ ማለት ጉልበቱን ጨርስ ማለት ነው። አያቶቻችን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጨርቅ አልሸጡም። ደግሞ ነገሩ የአእምሮ ብቻ አይደለም። ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ረሃብ የሚያስነሳውን ሆርሞን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል። ለዚህ ነው ሴትዮዋ ለፋሲካ የሚመለስባቸው። ስንፍና አይደለም።

ወደ እርስዎ ልምጣ እትዬ። ነርስ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ያንን ይያዙልኝ። ክብደትዎ ለቁመትዎ ሲሰላ ቢኤምአይዎ 45 ገደማ ይመጣል። በ1991 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የወጣው የአሜሪካ መመሪያ 40 ለደረሰ ሰው፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ከሆነ ደግሞ ከ35 ጀምሮ ይፈቅድ ነበር። በ2022 ሲታደስ ይበልጥ ዝቅ አደረጉት፣ 35 ከደረሰ ሌላ በሽታ ባይኖርም ይመከራል። በየትኛውም ቢለኩት እርስዎ ያልፋሉ።

ዕድሜው አያስፈራዎ። ስዊድኖች ከ1987 ጀምረው የተሠሩና ያልተሠሩ ሰዎችን እያነጻጸሩ ለዓመታት ተከታትለዋል፤ የያዟቸው ሰዎች ዕድሜ ከ37 እስከ 60 ነበር፣ ማለትም ልክ የእርስዎ እኩያ። በ2007 ያወጡት ውጤት ላይ በተሠሩት በኩል ሞት በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። የዚያን ጊዜው አሠራር ከዛሬው ይለያል፣ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

ስሊቭ ማለት ጨጓራው ከሦስት ሩብ በላይ ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ ብቻ ይቀራል። መመለሻ የለውም። ባይፓስ ግን ሌላ ነው። ከላይ የግማሽ ሲኒ ያህል ትንሽ ጨጓራ ይለዩና አንጀቱን አምጥተው እዚያ ላይ ይቀጥሉታል፣ ምግቡ መንገድ ያቋርጣል። ስኳር ላለበት ሰው ባይፓሱ ትንሽ ይሻላል ይባላል። በተለይ ስኳሩ ከጀመረ ጥቂት ዓመት ከሆነና ኢንሱሊን ካልጀመሩ መድኃኒቱን ጭራሽ የማቆም ዕድል አለ።

ማታ ትንፋሽ መቆራረጡን ዝም ብለው አይለፉት። ማደንዘዣ ለሚሰጠው ሐኪም መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው።

የማራኪ ልጅ

ኑሮውን ንገሩኝ ስላልሽ ብቅ አልኩ። 51 ዓመቴ ነው፣ እኔም ጎንደር ነኝ። አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ነው ስሊቭ የተሠራሁት፣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሆድሽን አይከፍቱትም፣ በትንንሽ ቀዳዳ ነው የሚገቡት። ሕመሙ እንዳሰብኩት አይደለም፤ ቆሽቴን ያሳረረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ነው። ሾርባ፣ የተጣራ አጥሚት፣ ቀጭን እርጎ። ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ። ውኃ እንደ ድሮው በአንዴ አይጋትም፣ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠጣው። ከምግብ ጋር ፈጽሞ አይጠጣም፤ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

እንጀራ ትበያለሽ። ግን ውስጥ ገብቶ ያብጣል። እኔ መጀመሪያ ወጡን፣ ሥጋውን፣ እንቁላሉን እበላና እንጀራው ከቀረልኝ ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይቀርም።

ችግሩ ሰው ነው። ከተሠራሁ ጥቂት ወር ሆኖኝ ሰፈር ማኅበር ተጠራሁ። አንዲት እናት "አልበላህም እኮ!" ብለው ክትፎውን በእንጀራ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱት። እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል። ሳላኝክ ዋጥኩት፣ ደረቴ ላይ ቆመ። አፌን ምራቅ ሞላው፣ ላቡ በጀርባዬ ወረደ፣ እጄን ልታጠብ ብዬ ወጥቼ ጓሮ አወጣሁት። ተመልሼ ስገባ ሁለተኛውን ጉርሻ ይዘው ይጠብቁኛል። አሁን ገና ስቀመጥ "ኦፕራሲዮን ነኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል" እላለሁ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ከስተህ የለም ወይ፣ ምን ነካህ የሚልሽ ደግሞ መአት ነው። ወፍራም ሆነሽ ተመቸሽ ሲሉሽ የነበሩት ሰዎች ናቸው ምን አመመሽ የሚሉሽ። በኔ ላይ ያልተወራ በሽታ የለም። ፀጉሬም በአራተኛው ወር አካባቢ ይረግፍ ነበር፣ ተመልሷል። ቆዳው ግን በዚህ ዕድሜ እንደ ልጅ አይሰበሰብም፣ ክንዴና ሆዴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ቢራ ትጠጪ እንደሆነ ዳሽንን ተሰናበቺው። ጋዙ ያሳብጣል፣ ትንሹም ቶሎ ያሰክራል።

ግፊቴ ግን መድኃኒቱን አስቁሞኛል። ደረጃ እወጣለሁ። የልጄን ምርቃት ቀን ቆሜ ነው የዋልኩት። እንደገና ይሁን ብትይኝ እሠራለሁ፣ ይሄን ብዬሽ ልሂድ።

የቅዳሜ ገበያዋ

እግዜር ይስጥልኝ። የማራኪ ልጅ፣ ያቺን ጓሮ አሳየኸኝ እኮ፣ ስቄም አዝኜም። አንገረብ፣ አንተንም አልተቀየምኩህም፣ እናቴም ያንተኑ ነው የምትለው።

ነርሷ ልጄ፣ አንድ ነገር ረስቼ። ቃር አለብኝ፣ ከባድ ነው። ትራስ ደርቤ ነው የምተኛው፣ ኦሜፕራዞል ከቤቴ አይጠፋም። ይሄ ለውጥ ያመጣል? ወንድሜ ያናገራቸው የቱርክ ሰዎች ስለሱ አልጠየቁኝም። ክብደትና ቁመት ብቻ ላኩ አሉን፣ ወዲያው ቀን ሰጡን። ጾሙንም ማንም አልመለሰልኝም።

ነርሷ

ቃሩማ ዋናው ነገር ነው! እንዴት ይረሳል እትዬ። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል። ቃር የሌለበት ሰው ላይ እንኳ አዲስ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ከባድ ቃር ላለበት ብዙ ሐኪሞች ባይፓሱን ነው የሚመርጡት፤ በስሊቭ ቃሩ ጠንቶባቸው ኋላ ላይ ወደ ባይፓስ የሚቀየሩም አሉ። ስለዚህ ኢንዶስኮፒ ሳያደርጉ፣ ጨጓራዎን በዓይን ሳያዩ ይሄኛው ነው የሚሠራልሽ የሚል ሰው ቱርክም ይሁን አዲስ አበባ አይመኑት። ክብደት ብቻ ጠይቆ ቀን የሚሰጥ ሰው እኔን ያስፈራኛል። የጨጓራ ባክቴሪያውም መመርመር አለበት፣ እኛ አገር ያው እንደምናውቀው ብዙ ሰው ላይ አለ።

ቱርክን በደፈናው መጥፎ አልልም፣ ጥሩ ሐኪሞች አሏቸው። ግን ያስቡት። በሳምንት ውስጥ ጨርሰው ይሸኙዎታል። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ፣ ከዚያ አዘዞ አየር ማረፊያ። የተሰፋው ቦታ የማፍሰስ ችግር ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፣ ከመቶ አንድ ገደማ፣ ግን ሲደርስ ቤት ከገቡ በኋላም ሊሆን ይችላል። ልብዎ ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድዎን ወይም ግራ ትከሻዎን ካመመዎ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። እዚህ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ምን እንደተሠራልዎ የሚናገር ወረቀት በእጅዎ ከሌለ ተረኛው ሐኪም ከባዶ ነው የሚጀምረው። በረጅም በረራ እግር ላይ ደም የመርጋቱም ነገር አለ። መንገዱም አንዳንዴ እንደሚዘጋ እናንተም እኔም እናውቃለን፤ አዲስ አበባ ቢሠሩም ክትትሉን የት እንደሚያደርጉ ቀድመው ይጨርሱት።

ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። በእርስዎ ዕድሜ የወር አበባ መቆሚያው ጊዜ ነው፣ አጥንት በራሱ መሳሳት ይጀምራል፣ ኦፕራሲዮኑም ያሳሳዋል። ካልሲየሙን የሚተውት ነገር አይደለም። የስኳር መድኃኒቱም ወዲያው ይስተካከላል፤ በተለይ ከሜትፎርሚን ሌላ ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ከሆነ በድሮው መጠን ከቀጠሉ ስኳርዎ ወርዶ ይጥልዎታል። ለጉልበትዎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዱ ከነበረ፣ ከባይፓስ በኋላ ቁስለት ስለሚያመጣ ይቀራል።

ጾሙ እንግዲህ። ሁለት ነገር አለው። አንዱ ፕሮቲን ነው፣ በቀን ከ60 ግራም በላይ ይፈለጋል፣ እንቁላልና ወተት በሌለበት፣ በዚያች ትንሽ ጨጓራ ሽሮና ምስር ብቻ በልቶ መሙላት ከባድ ነው። ሁለተኛው ውኃው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ ውለው ከዚያ በአንዴ ልጠጣ ቢሉ አይገባልዎትም፣ ሰውነትዎ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ዓመት ሁዳዴን እንደ ጤነኛ እጾማለሁ ብለው አያስቡ። የንስሐ አባትዎን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያነጋግሩ፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም አታስገድድም። የሚያውቁ አባት ከሆኑ ራሳቸው ይነግሩዎታል።

ሚሚ

ለምን መርፌውን አትሞክሪም? ኦዘምፒክ። ዱባይ ያለችው እህቴ በሱ አይደል እንዴ እንደ ሸንበቆ የሆነችው።

ነርሷ

ይሠራል ሚሚ፣ አልክድም። ክብደት ለመቀነስ በሚሰጠው መጠን በጥናቱ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። በኦፕራሲዮን ግን ብዙ ጊዜ ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ ነው። መርፌው ሲቆም ደግሞ አብዛኛው ኪሎ ይመለሳል፣ በየሳምንቱ እየከፈሉ መኖር ነው። ሳይጀመር ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ የኛን መብራት ታውቂዋለሽ። በሻንጣ የሚመጣውን ደግሞ ከማን እጅ እንደወጣ አታውቂም፤ በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በሐሰተኛ ኦዘምፒክ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሐኪም ትእዛዝ፣ ከታወቀ መድኃኒት ቤት ከሆነ ግን ለስኳር ሰው መጥፎ አማራጭ አይደለም። እትዬም ሐኪማቸውን ቢጠይቁበት ጥሩ ነው።

አንገረብ

እሺ እኔ ዳገቱን አንስቻለሁ። ግን አንድ ልጠይቅ፣ ከተቆረጠ በኋላም መልሰው የሚወፍሩ አሉ አይደል? የማላውቀውን አላወራም፣ ጎረቤቴ እንደዚያ ሆኗል።

የማራኪ ልጅ

አሉ እንጂ። እኔም ከዝቅተኛው ኪሎዬ ትንሽ ተመልሼያለሁ። ሥጋና እንጀራ አይገባልህም፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩት፣ ማር ግን ሰተት ብሎ ነው የሚወርደው። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ከቀማመስክ ጨጓራው አይጠብቅህም። ሱቅ ውስጥ የምትውል ሰው እሱን ታስብበት፣ ሻይና ብስኩቱ አጠገቧ ነው።

የቅዳሜ ገበያዋ

ብስኩቱን በየት አየኸው አንተ ሰው?

ዛሬ ከወንድሜ ጋር አወራን። የቱርኩን ቀን አስተላልፈው አልኩት፣ ትንሽ ተቆጣ፣ ኋላ ገባው። መጀመሪያ እዚሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ልሂድ፣ ኢንዶስኮፒውንም የማታ ትንፋሼንም ልታይ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወርጄ የሚሠራውን ሐኪም ፊት ለፊት ላናግር። ስሊቭ ወይስ ባይፓስ የሚለውን ያኔ እነሱ ይበሉ። እሠራለሁ ወደሚለው ነው ልቤ ያደላው፣ እናቴን ግን ገና አልነገርኳትም።

ነርሷ ልጄ፣ አንድ የመጨረሻ። ለኢንዶስኮፒው ኦሜፕራዞሉን ላቁመው?

ነርሷ

የጨጓራ ባክቴሪያው አብሮ የሚመረመር ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ እያለ የለም ሊል ይችላል። ግን በራስዎ አያቁሙ፣ ቃርዎ ከባድ ነው። ቀን ሲያስይዙ ሐኪሙን ይጠይቁት፣ እስከዚያ ምን እንደሚወስዱ እሱ ይነግርዎታል። ለምርመራው ቀን ባዶ ሆድዎን ነው የሚሄዱት። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው በፌስታል ይዘው ይሂዱ፣ ስማቸውን በቃል አይንገሩ።