ሳንቲሜ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ፣ ሎሚ ልጨምርበት?

የነታንያዋ፦ ወገኖቼ ቶሎ በሉልኝ! ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ፣ ፈቃድ ካለው ሱቅ የገዛሁት የመበለቲቱ ሳንቲም (ወንጌል ላይ ድሃዋ መበለት የሰጠችው ዓይነት የሚሉት) ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነገር ፈላበት። ትናንት አልነበረም። ሎሚውን ቆርጬ ይዣለሁ፣ ልጨምረው?

ቅመም፦ ሎሚውን ለሻይሽ አድርጊው።

እማማ ሞሰብ፦ የእናቴን የናስ ሰሃን በሎሚና በጨው ነው የማሸው። ወርቅ ይመስላል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የያዝሽውን እንወቅ። ምን ምን ይታይበታል?

የነታንያዋ፦ ባንዱ ፊት ሦስት የገብስ ዛላ፣ በሌላው ጭልፋ ነገር።

ጡረተኛው መምህር፦ እንግዲያውስ የጲላጦስ ነው። የመበለቲቱ እየተባሉ የሚሸጡት አብዛኞቹ የይሁዳው ንጉሥ የአሌክሳንደር ያናይ ናቸው፤ መልህቅና ኮከብ አላቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተመቱ። ያንቺ በጢባርዮስ ቄሣር 16ኛ ዓመት፣ በፈረንጅ 29 እና 30 ላይ የወጣ ነው። ጭልፋው የሮም ካህናት ለአማልክት ወይን የሚያፈሱበት ሲሆን በገብሱ በኩል የተጻፈው የቄሣሩ እናት የዩልያ ስም ነው፣ እሷም በ29 ሞተች። ከዚያ በኋላ ባወጣቸው ላይ ጲላጦስ ጭልፋውን ትቶ ገድ የሚያዩ ካህናት የሚይዙትን ቆልማማ በትር አስቀረጸ፣ ይህም...

የነታንያዋ፦ ጋሼ እሺ፣ ግን እየበላው እኮ ነው!

እማማ ሞሰብ፦ ሎሚና ጨው አልኩ እኮ።

የላብራቶሪው ልጅ፦ ኧረ ጨው ጭራሽ! ነሐሱን የሚበላው ከአፈር ይዞት የመጣው ክሎራይድ፣ ጨው ውስጥ ያለው ነገር ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ይነሳበታል። የእስራኤሏ ነታንያ ደግሞ የባህር ጠረፍ ከተማ ናት፣ እርጥብ ነው። በእንጨት ስቴኪኒ ነካ አድርጊው። ደርቆ እንደ ዱቄት ከረገፈ የነሐስ በሽታ የሚሉት ነው። ዝልግልግ ካለ ግን ጥፋቱ የፕላስቲክ ኪሱ ነው፣ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ ይለቃል። እሱን አሴቶን የሚባለው ፈሳሽ፣ ንጹሁ ያነሳዋል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሽቶና ቅባት ስላለው አይሆንም። ዱቄት ከሆነ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ) ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ሳምንታት ይፈጃል። በደንብ አድርቀሽ እርጥበት ከሚመጠው ከሲሊካ ጄል ጋር በሚከደን ዕቃ አስቀምጪው። ጠንካራውን ጥቁር አረንጓዴ ልባስ ግን እንዳትነኪው፣ ሎሚ እሱንም ነው የሚልጠው።

ቅመም፦ ውሃው መኪና ዕቃ መሸጫ አለ። የባትሪ አሲድ ይዘሽ እንዳትመጪ ብቻ።

ነጋዴው፦ ሁለት ግራም ለምታህል ሳንቲም ይሄ ሁሉ ጣጣ? ሸጠሽ ሌላ ግዢ።

የላብራቶሪው ልጅ፦ የታመመ ሳንቲም ለሰው ትሸጣለህ? የነታንያዋ፣ ዱቄት ነው ዝልግልግ? ዝም አልሽ እኮ።

እማማ ሞሰብ፦ ሎሚው ሠርቶላት ይሆናል።