ኮምፒውተሬ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን እያወጣ ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግሁ ነው የምተዳደረው። ኮምፒውተሬን ከሁለት ዓመት በፊት እቃውን ከየቦታው ገዛዝተን ከወንድሜ ጋር ቤት ውስጥ ነው የገጣጠምነው፤ ራይዘን 5 3600፣ ባለ አራት የራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ስሎት ወይም መሰኪያ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 10። አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሥራ መሀል ላይ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ሪስታርት ያደርጋል። አንዳንዴ ኤክስፖርት 90 ፐርሰንት ሲደርስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳልነካው። የሚያወጣው ጽሑፍም አንድ አይደለም። አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ አንዴ «ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤርያ»፣ ትናንት ደግሞ «አይ አር ኪው ኤል ኖት ሌስ ኦር ኢኩዋል» አለኝ።

ሰፈር ያለ ባለሙያ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት አደረገልኝ። ሁለት ቀን ደህና ሰርቶ እንደገና ጀመረው። ቅዳሜ የማስረክበው ሰርግ አለብኝ፣ እባካችሁ።

መልስ፣ ከሐዋሳ

አይዞሽ እህቴ። እኔ ጋ ተመሳሳይ ነገር ያመጣው መብራት ነበር። በአንድ ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተሩንም ምጣዱንም ሰክተን ነበር። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የገጠመውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ውስጥ ገብተሽ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ካገኘሽ ፓወር ሰፕላይሽን ጠርጥሪ። ስታቢላይዘር ከሌለሽም ግዢ።

መልስ፣ የጥገና ባለሙያ፣ ከመርካቶ

ወንድሜ ስለ ዲቫይደሩ ያልከው ልክ ነው፣ ምጣድና ኮምፒውተር አንድ ላይ አይሰኩም። 41 ግን ዊንዶውስ በአግባቡ ሳይዘጋ እንደተነሳ ብቻ ነው የሚናገረው። ሰማያዊ ስክሪን ወጥቶ ሪስታርት ቢያደርግም፣ መብራት ቢሄድም፣ ቁልፉን ተጭነሽ ይዘሽ ብታጠፊውም ያው 41 ይመዘገባል። እሱን ብቻ አይቶ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ፓወር ሰፕላይ ሲደክም ብዙ ጊዜ ሰማያዊውን ለማሳየት እንኳ ጊዜ አይሰጥም፣ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

እህቴ፣ ካልሽው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ጽሑፉ መለዋወጡ ነው። አንድ ድራይቨር (እቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ቢሆን ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ እየደጋገመ ያወጣል። እንዲህ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል፣ ያውም ከፎርማት በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ራም ነው። ከሁሉ በፊት ግን የሰርጉን ፋይል ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ኦሪጅናሉን ከካሜራው ካርድ ላይም እንዳታጠፊ፤ ራም ሲሳሳት ኮፒ የምታደርጊውን ፋይል ራሱ ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ ንገሪኝ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት የቀየርሽው ወይም የጨመርሽው ነገር የለም?

ጠያቂዋ

ውይ፣ አለ! ፕሮጀክቱ ሲከብደኝ በነበረው 8 ጂቢ ራም ላይ ሌላ 8 ጂቢ ጨምሬያለሁ። ሻጩ «ፍጥነቱ ያው 3200 ነው፣ ከድሮው ጋር አንድ ነው» ስላለኝ ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል አንደኛውና ሁለተኛው ስሎት ላይ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ፣ ማለትም ራሙን በተጻፈበት ሙሉ ፍጥነት የሚያስሮጠው፣ በርቷል፣ ወንድሜ ያኔ ነው ያበራው።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እንግዲህ ተገኘ ማለት ነው፣ ግን እናረጋግጥ። ሁሉንም ባንዴ አትቀይሪ፤ ተስተካክሎ እንኳ ምኑ እንዳስተካከለው ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።

ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ላይ አድርገሽ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሺው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መፈተሻም አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ ስህተቱን ሳያይ ያልፈዋል፣ እኔ አላምነውም። መጀመሪያ ሁለቱንም እንዳሉ ፈትሺ። ቀይ መስመር አንድም ብትሆን ስህተት ናት፣ «ትንሽ ነው» የሚባል የለም። ከዚያ አጥፍተሽ፣ ገመዱን ነቅለሽ፣ የኬዙን ብረት በእጅሽ ነክተሽ አንዱን ራም አውጪ። የቀረውን ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ስሎት ላይ ብቻውን ፈትሺ። ቀጥሎ ሌላውን እዚያው ስሎት ላይ።

እግረ መንገድሽን ዊንዶውስ ላይ ሲፒዩ-ዚ (የኮምፒውተሩን እቃዎች ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም) ጭነሽ «ኤስፒዲ» የሚለውን፣ ራሙ ስለ ራሱ የያዘውን መረጃ የሚያሳየውን ገጽ ለሁለቱም እዪ። እዚያ የሚታየው ፍጥነት ግማሹ ስለሆነ በሁለት አባዢው፤ ለ3200 የሚጽፈው 1600 ነው።

መልስ፣ የጥገና ባለሙያ

ራሞቹ ከወጡ ላይቀር ወርቃማውን ጫፍ በንጹህ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ ብናኙን አራግፊ፣ ስሎቱንም በብሩሽ። ብዙ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ድኖ ከእጄ ወጥቷል። ስትመልሺው ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫኚ። ሁለቱን አብረሽ ስትሰኪ ደግሞ ባለ አራት ስሎት ቦርድ ላይ ቦታቸው ሁለተኛውና አራተኛው ነው። አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ቻናል (ወደ ፕሮሰሰሩ የሚወስድ መስመር) ስለሚጋሩ ፍጥነትም ይቀንስብሻል፣ ሥራውም ይከብደዋል።

ጠያቂዋ

ሌሊቱን በሙሉ ስፈትሽ አደርኩ። ሁለቱ አብረው እያሉ ገና በመጀመሪያው ዙር ቀይ በቀይ ሆነ። የድሮው ብቻውን አራቱንም ዙር ያለ አንድ ስህተት ጨረሰ። አዲሱም ብቻውን ጨረሰ! ተስፋ ልቆርጥ ስል ሲፒዩ-ዚን አየሁ። የድሮው 1600 ይላል። የአዲሱ ትልቁ ቁጥር 1333 ነው። አውጥቼ ሳየው ላዩ ላይ 3200 የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ጥጉን በጥፍሬ ሳነሳው ሥሩ ሌላ ወረቀት አለ፣ 2666 ይላል።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

በጣም ያናድዳል። ግን ነገሩ በሙሉ ግልጽ ሆነ። ኤክስኤምፒ የድሮውን ራም ፍጥነት አንብቦ ሁለቱንም በ3200 ያስሮጣቸዋል። ለ2666 የተሠራው አይችልም፣ ይሳሳታል፣ ዊንዶውስም ይወድቃል። ብቻውን ሲሆን በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ፈተናውን አለፈ። ራሙ አልተበላሸም፣ ከአቅሙ በላይ ነው የተጫነው። ኤክስኤምፒን አጥፊ፣ ፍጥነቱን በእጅሽ 2666 ላይ አድርጊ፣ ሁለተኛና አራተኛ ስሎት ላይ ሰክተሽ እንደገና አራት ዙር ፈትሺ።

መልስ፣ የጥገና ባለሙያ

ንጹህ ሆኖ ካለፈ በኋላ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ የዊንዶውስን ፋይሎች ፈትሾ የሚጠግነውን የ«ኤስኤፍሲ» ፍተሻ አስኪጂ። ፎርማቱ የተደረገው በዚያው ራም ስለሆነ የተበላሸ የዊንዶውስ ፋይል ሊኖር ይችላል። ወረቀቱን ደግሞ እንዳትቀድጂው፣ ፎቶ አንሺና እንዳለ ይዘሽ ወደ ሱቁ ሂጂ።

ጠያቂዋ

2666 ላይ አራቱም ዙር ንጹህ። ኤስኤፍሲው የተበላሹ ፋይሎች አግኝቶ ጠግኗል። ይኸው አስራ አንደኛ ቀኔ ነው፣ አንድም ሰማያዊ አላየሁም፤ የቅዳሜውንም ሰርግ በሰዓቱ አስረከብኩ። ኤክስፖርት ላይ ከ3200 ያነሰ ፍጥነት መሆኑ ለእኔ አልታወቀኝም። ሱቁ መጀመሪያ «የተሸጠ እቃ አይመለስም» ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱን ወረቀት ሳሳየው የዋጋውን ልዩነት መለሰልኝ። ራሙን አልቀየርኩትም። ሐዋሳ ያለኸው ወንድሜ፣ ምጣዱንም ከዲቫይደሩ ነቅያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።