የኤሌክትሪክ ቫን የኤሲ ኢቫፖሬተር መቀየር፦ ዳሽቦርዱን ከማስፈታቴ በፊት ምን ላረጋግጥ?

የድሬ አከፋፋይ፦

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ብስኩትና ፓስታ ለሱቆች የማደርስበት፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ ቫን አለኝ። ካለፈው ጥር ጀምሮ የኤሲው ቅዝቃዜ እየቀነሰ ስለመጣ በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻለሁ። በተሞላ ሰሞን እንደ ፍሪጅ ያቀዘቅዛል፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚነፍሰው አየር ኃይሉ ሳይቀንስ ሞቃት ይሆናል። የዚህን ከተማ ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ በየሁለት መቶ ሜትሩ እየቆመ በር ለሚከፍትና ለሚዘጋ ሾፌር ኤሲ ቅንጦት እንዳልሆነ ይረዳኛል ብዬ አስባለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያስሞላሁበት ጋራዥ ኢቫፖሬተሩ (በዳሽቦርዱ ውስጥ ሆኖ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ስለተበሳ ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ መቀየር አለበት ብሎኛል። በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው ግን፣ ውጭ ባሉት ቱቦዎች ላይ ምንም ስላላየን ከውስጥ መሆን አለበት ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጡኝም። በዚህ ላይ ጋዙ በተሞላ በአራተኛው ቀን፣ ኤሲውን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ቀይ ምልክት መብራት ጀመረ፤ ኤሲውን ስዘጋውና መኪናውን አጥፍቼ ሳስነሳው ይጠፋል። ጽሑፉ በቻይንኛ ስለሆነ በስልኬ ሳስተረጉመው የኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ የሚያግደው መከላከያ) ብልሽት የሚል ትርጉም ሰጠኝ። በእርግጥ ኢቫፖሬተሩ መሆኑን ዳሽቦርዱ ሳይወርድ ማወቅ ይቻላል? በነዳጅ መኪና ኤሲ የሠለጠነ መካኒክ ይህን ሥራ ቢሠራው ችግር አለው? ቀዩ ምልክትስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የኤሲ ቴክኒሺያን፣ አዲስ አበባ፦

ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ብዙ ዳሽቦርድ ያለ ጥፋቱ ይፈታል። የአየሩ ኃይል ሳይቀንስ ቅዝቃዜው ብቻ መጥፋቱ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየያዘ ከሚዘጋበት ችግር የተለየ መሆኑን ስለሚያሳይ የጋዝ መፍሰስ ጥርጣሬው ትክክል ነው። የት እንደሚፈስ ግን በግምት ሳይሆን በመሣሪያ ይረጋገጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ፣ መኪናውን አጥፍተው ማራገቢያውንም ዘግተው ሃያ ደቂቃ ያህል ቢጠብቁ ከኢቫፖሬተሩ የሚወጣው ጋዝ እርሱ ባለበት ሣጥን ታች ይጠራቀማል። ከዚያ የጋዝ ማሽተቻ መሣሪያውን ጫፍ ውሃ ወደሚንጠባጠብበት ቱቦ አፍ ያስጠጉ፤ ውሃውን እንዳይስበው ግን ይጠንቀቁ፣ መሣሪያው ይበላሻል።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ቱቦዎች ወደ ውስጥ በሚገቡበት፣ የኤክስፓንሽን ቫልቩ (ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውን ጋዝ የሚመጥነው) በሚታሰርበት ቦታ ያሉት ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች) ሲያረጁ ጋዙ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ሣጥኑ ስለሚገባ መሣሪያው ኢቫፖሬተሩን በሐሰት ይከሳል። ስለዚህ ቀሪውን ጋዝ በማሽን ካወጡ በኋላ መሥመሩን ከ10 ባር ባልበለጠ ደረቅ ናይትሮጅን ሞልተው ያንን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈትሹት። በኮምፕሬሰር አየር መሞከር እርጥበት ያስገባል፤ በኦክስጅን መሞከር ደግሞ ከዘይት ጋር ተገናኝቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይታሰብም። ሁለት ኦሪንግ ብቻ ቀይረን የሸኘናቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ መካኒኩ በኤሲ የሠለጠነ መሆኑ ብቻ አይበቃም። በኤሌክትሪክ መኪና ጋዙን የሚገፋው የኤሲ ኮምፕሬሰር የሚሽከረከረው በቤልት ሳይሆን በዋናው ባትሪ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ትንንሽ ቫኖች ኢቫፖሬተሩ ባለበት በዚያው ሣጥን ውስጥ በዚሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ማሞቂያ ተቀምጧል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች እስከ እግርዎ አጠገብ ድረስ ይመጣሉ ማለት ነው። መኪናው ጠፍቶ ቁልፉ ከተወሰደ በኋላ የ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጌቲቭ ይፈታል፣ የአገልግሎት መሰኪያው (የዋናውን ባትሪ ጅረት የሚያቋርጠው) ይነቀላል፣ አምራቹ ያዘዘው ጊዜ ይጠበቃል፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዛሉ። ከዚያም ለ1000 ቮልት በተሠራ ጓንትና በተገቢው መለኪያ ቮልቴጁ ዜሮ መሆኑ ይታያል። መለኪያው ራሱ ከመለካትዎ በፊትም በኋላም ቮልቴጅ እንዳለው በሚታወቅ ምንጭ ላይ ይሞከር፤ የሞተ መለኪያም ዜሮ ያሳያልና።

ከቨርጂኒያ፦

እኔ እዚህ አሜሪካ የዕቃ ማድረሻ ቫኖችን በሚጠግን ወርክሾፕ ውስጥ እሠራለሁ። የቀደሙኝ ወንድሜ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀዩ ምልክት ነው። ጠያቂው ወንድሜ፣ ጋዙን ሲሞሉልዎ ዘይት ጨምረው ነበር? ከሆነ የትኛውን?

የምጠይቅበት ምክንያት ይህ ነው። በቤልት በሚዞሩ ኮምፕሬሰሮች የተለመደው ፒኤጂ የተባለው ዘይት ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር ውስጥ ግን የሞተሩ መዳብ ጥቅል ራሱ በጋዙና በዘይቱ ታጥቦ ስለሚቀዘቅዝ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፒኦኢ የተባለ ዘይት ያስፈልጋል። ፒኤጂ እርጥበት ይስባል፣ ኤሌክትሪክም በተወሰነ ደረጃ ያስተላልፋል። ጥቂት እንኳ ሲቀላቀል በጥቅሉና በኮምፕሬሰሩ አካል መካከል ያለው መከላከያ ይወርዳል፣ መኪናውም ይህን ለይቶ ያስጠነቅቃል። አዲስ ዘይት ባይጨመር እንኳ፣ በነዳጅ መኪናዎች ላይ የዋለ የመሙያ ማሽን በቱቦው ውስጥ በቀረው ዘይት ብቻ ሊበክለው ይችላል። ፍሳሽ ለማየት የሚጨመረው ቀለምና እነዚያ ቀዳዳ ይደፍናሉ እየተባሉ የሚሸጡት ጣሳዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ቀለሙ ለፒኦኢ ከተሠራው ውጭ አይግባ፣ ደፋኙ ፈሳሽ ደግሞ በጭራሽ።

ስለዚህ ኢቫፖሬተሩን ከማዘዝዎ በፊት ኮምፕሬሰሩን ያስለኩ። ቮልቴጁ ከተቋረጠና ዜሮ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መሰኪያው ይነቀልና፣ በ500 ቮልት ሜጋኦሜትር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) በተርሚናሉና በኮምፕሬሰሩ አካል መካከል ይለካል። አር 100 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ለመኪናው ሥርዓት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መጠን ለቀጥተኛ ጅረት በአንድ ቮልት 100 ኦም፣ ለተለዋዋጭ ጅረት 500 ኦም ነው። የእርስዎ ባትሪ 320 ቮልት ቢሆን ጥብቁ መጠን 160,000 ኦም ይሆናል ማለት ነው። ጤናማ ኮምፕሬሰር ብቻውን ሲለካ ግን የሚታየው በሚሊዮን የሚቆጠር ኦም ነው።

የድሬ አከፋፋይ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋራዡ ደውዬ ስጠይቃቸው ለሌሎቹ መኪኖች የሚጠቀሙበትን ዘይት ትንሽ እንደጨመሩ ነገሩኝ። በመኪናው ፊት ክዳን ሥር ያለው መለያ ደግሞ ጋዙ አር 134ኤ፣ 480 ግራም፣ ዘይቱ ፒኦኢ ይላል፤ የባትሪው ቮልቴጅም እንዳሉት 320 ነው። ከፋብሪካ ሥራ የወጣ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጓንቱንና መለኪያዎቹን ይዞ መጥቶ በተባለው ቅደም ተከተል ለካልኝ፤ ኮምፕሬሰሩ 90,000 ኦም አካባቢ አሳየ። የማሽተቻው መሣሪያ በውሃ መውጫው በኩል ጮኸ፤ በናይትሮጅን ሲሞላ ግን የቫልቩ መገጣጠሚያ ላይ አንድም አረፋ አልወጣም። ኢቫፖሬተሩም በእርግጥ ተበስቷል ማለት ነው።

ከቨርጂኒያ፦

እንግዲያው አንድ ብልሽት የነበረዎት ሰው አሁን ሁለት አለዎት። በእኔ አስተያየት ኮምፕሬሰሩ መቀየር አለበት፤ ጥቅሉ ውስጥ የገባውን ዘይት አጥቦ መጨረስ አይቻልም። ኮንደንሰሩም (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ይቀየር፣ ቀጫጭን ቦዮቹን በእጥበት ማጽዳት ስለማይቻል። ኢቫፖሬተሩ፣ የኤክስፓንሽን ቫልቩና ድራየሩ (እርጥበት የሚመጠው) ከዚህ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ቱቦዎቹን ብቻ ማጠብ ይቻላል።

የኤሲ ቴክኒሺያን፣ አዲስ አበባ፦

መለኪያው 90,000 ባያሳይ ኖሮ፣ ዕቃው እዚህ የሚገኝበትን ዋጋ ስለማውቅ፣ መጀመሪያ ዘይቱን አፍስሰን እንሞክረው ብዬ እከራከር ነበር። አሁን ግን እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በአንዳንድ ቫኖች ይኸው ጋዝ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ከፊት ተነሥቶ ወደ ወለሉ ሥር የሚሄድ ቀጭን የአልሙኒየም ቱቦ መኖሩን ይመልከቱ። ካለ፣ ወደዚያ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ቫኪዩም ሲደረግ (መሥመሩ ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ሲሳብ) በዲያግኖስቲክ መሣሪያ መከፈት አለበት። አለበለዚያ የተበከለው ዘይት በዚያ ቅርንጫፍ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።

የአዳማ ባለቫን፦

እንደ ባለሙያ ሳይሆን ይህንኑ ሥራ አጠገቡ ቆሞ እንዳሠራ ባለንብረት ልናገር። በእኔ ቫን ዳሽቦርዱ አልወረደም። በተሳፋሪው በኩል ያለው መሳቢያና ማራገቢያው ከወጡ በኋላ የሣጥኑ የታችኛው ግማሽ ተፈትቶ ኢቫፖሬተሩ ወደ ጎን ተስቦ ወጣ። ሁሉም ሞዴል እንዲህ ባይሆንም መፍታት ከመጀመሩ በፊት በእጅ ባትሪ ገብቶ ሣጥኑ የት ጋ እንደሚከፈል ማየት አይከፋም። ዳሽቦርዱ የግድ ከወረደ ቢጫዎቹ መሰኪያዎች የኤርባግ መሆናቸውን አትርሱ።

የወጣው ኢቫፖሬተር በአቧራና በበሰበሰ ቅጠል ተሸፍኖ ጭቃ መስሎ ነበር፤ የአየር ማጣሪያውን ላወጣው ስል ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ መቼና ማን እንዳወጣው አላውቅም። እርጥብ ቆሻሻ አልሙኒየሙን ቀስ በቀስ እንደሚበላው ያኔ ተረዳሁ። ሌላው፣ በክንፎቹ መካከል የተሰካችውን የሙቀት ሴንሰር ከመንቀላችን በፊት ፎቶ አነሣናት፤ ቦታዋን ከሳተች ኢቫፖሬተሩ በረዶ ይይዛል። በዙሪያው ያለውን ስፖንጅ አሮጌውን መልሰን ስለለጠፍን ግን ለሁለት ሳምንት ውሃ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ ቆየ፤ በኋላ በአዲስ ተተካ። አንድ ያልገባኝ ነገር ቢኖር የቫኪዩም ፓምፑ ጉዳይ ነው። በገዛሁት አዲስ ፓምፕ የመለኪያው መርፌ ከ24 ኢንች አላልፍ ስላለ ሻጩ ዘንድ ወስጄ መለስኩት፤ በመመሪያው ላይ 29 ይደርሳል ይላልና።

የኤሲ ቴክኒሺያን፣ አዲስ አበባ፦

ሻጩን በድለውታል። መርፌው የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት ጋር ያለውን ልዩነት ነው። 29 ኢንች የሚደርሰው በባሕር ወለል ላይ ሲሆን፣ አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ፍጹም ቫኪዩም እንኳ ከ24 ብዙ አያልፍም። አዲስ አበባ ላይ 22፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 26 ገደማ ይቆማል። ስለዚህ በኢንች ከመፍረድ በዲጂታል የቫኪዩም መለኪያ 500 ማይክሮን (በጣም ትንሽ የግፊት መለኪያ) መድረሱን ማየት፣ ቢያንስ አርባ አምስት ደቂቃ ማስቀጠል፣ ከዚያም ፓምፑን ዘግቶ ግፊቱ ተመልሶ መውጣት አለመውጣቱን መጠበቅ ይሻላል። ጋዙን ስትሞሉም በግፊት ሠንጠረዥ አትመሩ፤ እርሱም ከፍታችንን አያውቅም። በሚዛን 480 ግራም፣ በቃ።

የድሬ አከፋፋይ፦

ከወለሉ ሥር የሚሄድ ቱቦ እንደሌለ አይቻለሁ፤ ሣጥኑም ከጎን የሚከፈል ዓይነት ይመስላል። የአየር ማጣሪያውን ቦታ ስከፍተው የእኔም ባዶ ነው። የኮምፕሬሰሩን የመለያ ቁጥር ፎቶ አንሥቼ ሶማሌ ተራ ላለ ነጋዴ ልኬአለሁ። ኮምፕሬሰሩ ሲመጣ ዘይት በውስጡ ተሞልቶ የሚመጣ ከሆነ፣ አዲሱ ኢቫፖሬተርና ኮንደንሰር ስላሉ ተጨማሪ ይገባበታል ወይስ ያለው ይበቃል?

ከቨርጂኒያ፦

ብዙ ጊዜ አዲስ ኮምፕሬሰር ለመላው ሥርዓት የሚበቃ ዘይት ይዞ ይመጣል፤ የእርስዎ መሥመር በሙሉ ባዶ ሆኖ ስለሚጀመርም ተጨማሪ ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን በመኪናው መለያ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ከጎደለ ልዩነቱን ብቻ፣ በዕለቱ ከተከፈተ የታሸገ ፒኦኢ ጣሳ ይጨምሩ። የቱቦዎቹን አፍ መክደኛ ቱቦው የሚገጠምበት ደቂቃ እስኪደርስ ድረስ አያንሡት።